ወደ ኋላ መራመድ ፍርሃት ነውን?

በእጅ እየተገለበጠች ከብሎክ ወደ ብሎክ በምትዞረው በዚህች ደብተራችን ላይ ስለ ልጆች ጨዋታ እንጽፋለን ብለን አስበን አናውቅም ነበር። ወረቀቱም ጥቂት ነው፤ እስክሪብቶውም ከዚያ ያነሰ ነው። ሆኖም ከሁለት ሳምንት በፊት ከገዛ አፋችን የወጣ አንድ ቃል ዕረፍት ስለ ነሣን፣ ዛሬ የምንጽፈው ስለ ጨዋታ፣ ያውም ስለ አንድ የሚዘል ጋኔን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከውኃ መቅጃው በስተታች ባለው ሻይ ቤት አንድ አሮጌ ፕሌይስቴሽን 3 እንዳለ የማያውቅ ሰው በካምፑ የለም። ወደ ሦስተኛ አገር የሄደ ልጅ ትቶልን የሄደው ንብረት ነው። ከእግር ኳሱ በቀር ያለችው ሲዲ አንዲት ብቻ ናት፤ ስሟም ዲመንስ ሶልስ ይባላል። ሶላሩ ቀን ባጠራቀመው ኃይል ማታ ማታ አንድ ሰው ይጫወታል፣ ሃያ ሰው ያያል። በዚያን ማታ ተራው የደረሰው ልጅ ዕድሜው አሥራ ስድስት ቢሆን ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንዱን ጋኔን መግደል አቅቶት ሲሞት ሲነሣ ቆይቷል። በዚያን ማታ ግን ብልሃት አገኘ። ጋኔኑ በሚኖርበት አዳራሽ ውስጥ የአንድ ግዙፍ ዘንዶ አጥንት ተጋድሞ ይገኛል፤ ልጁ ሮጦ ከአጥንቱ ኋላ ተወሸቀ። ጋኔኑ አጥንቱን መዞር ተስኖት ከወዲያ ሲንደፋደፍ፣ ልጁ ከወዲህ ሆኖ «የነፍስ ፍላጻ» በሚባለው ምትሐት ይወጋው ጀመር። የጋኔኑ ዕድሜ ከግማሽ በታች ወረደ።

ያን ጊዜ ከመካከላችን አንዱ «ፈሪ!» ብሎ ጮኸ። ሌሎቻችንም ተቀበልነው። «ውጣ! እንደ ወንድ ግጠመው!» እያልን ሳቅን። ልጁ ጥቂት ታገሠን፤ በመጨረሻ ግን ወጣ። ጋኔኑ አንድ ጊዜ ዘለለ፣ አንድ ጊዜ መታው፣ አበቃ። እኛም ከቀድሞው የበለጠ ሳቅን።

ከበሩ አጠገብ አንድ አባት ተቀምጠው ነበር። ሁልጊዜ ፊታቸውን ወደ ውጭ አድርገው ስለሚቀመጡ ጨዋታውን የሚከታተሉ አይመስለንም ነበር። ሻያቸውን ሳይጨርሱ ብርጭቆውን አስቀመጡ፤ ሒሳባቸውን ከፍለው ወጡ። እኒህ አባት ከአገር ሲወጡ ማንን ትተው እንደ ወጡ ብዙዎቻችን እናውቃለን። ሳቁ ወዲያው ቆመ።

እንግዲህ በዚያ ሌሊት ተጀምሮ እስከ ዛሬ ያላለቀው ክርክራችን ይህ ነው፤ ወደ ኋላ የሚራመድ ሰው ሁሉ ፈሪ ነውን? ለመሆኑ ፈሪ የምንለው ማንን ነው? ከራሳችን ብንጀምር ስለምንጣላ ከጋኔኑ መጀመር ይሻላል።

ጨዋታው የተሠራው በጃፓን አገር፣ ፍሮም ሶፍትዌር በሚባል ድርጅት፣ በሂዴታካ ሚያዛኪ መሪነት ሲሆን፣ የወጣውም እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2009 ነው። በ2020 ለፕሌይስቴሽን 5 እንደገና ተሠርቷል፤ እኛ ዘንድ ያለው አሮጌው ነው። ቦሌታሪያ በምትባል መንግሥት ላይ ጭጋግ ይወርዳል፤ በጭጋጉ ውስጥ አጋንንት ይመጣሉ፤ የሰውንም ነፍስ ይበላሉ። ተጫዋቹ ወደዚያ የሚገባ መንገደኛ ነው። ከሚያልፍባቸው ስፍራዎች አንዱ ስቶንፋንግ የሚባል የማዕድን ዋሻ ሲሆን፣ የእኛ ጋኔን የሚገኘው በዚያ ሥር ነው። ፍሌምለርከር ይሉታል። ወደ አማርኛ ብንመልሰው «በነበልባል ውስጥ የሚያደባ» እንደ ማለት ነው።

ይህ ጋኔን የሚያስፈራው በግዝፈቱ አይደለም። በዚያው ዋሻ፣ ከእርሱ ቀጥሎ የሚመጣው ዘንዶ አዳራሽ የሚሞላ ነው። ሌሎቹ ግዙፋን ግን ክንዳቸውን አንሥተው እስኪያወርዱ ድረስ ለሰው የማሰቢያ ጊዜ ይሰጣሉ። ፍሌምለርከር አይሰጥም። ርቄአለሁ ስትል ዘሎ ካለህበት ይወድቃል፤ ሲወድቅም መሬቱን በሁለት እጁ ይደልቃል፤ ከመሬቱ እሳት ይፈነዳል። ጋሻ ይዣለሁ ብትል ጡጫውን ትመክት ይሆናል፤ እሳቱ ግን ለእሳት ያልተሠራውን ጋሻ አልፎ ይገባል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ዕድሜው ባነሰ ቁጥር እሳቱ እየጋመ፣ እርሱም እየባሰበት መሄዱ ነው። ሊሞት ሲል ይደክማል ብሎ የተጠጋው ሁሉ እዚያው ቀርቷል።

በጨዋታው ውስጥ ትንፋሽን የምታሳይ አንዲት አረንጓዴ መስመር አለች። መሮጥም፣ መንከባለልም፣ መምታትም፣ መመከትም የሚቀነሱት ከዚያችው ከአንዲቱ ትንፋሽ ነው። ለጀግንነት የተለየ፣ ለሽሽት የተለየ ትንፋሽ አልተቀመጠም። ሦስት ጊዜ የመታ ሰው ለመሸሺያ የሚሆነው አይተርፈውም። ልጁ በመጀመሪያው ሳምንት ያገኘውን ከባድ የብረት ልብስ ሁሉ ደራርቦ ነበር የገባው። ከአቅሙ ከግማሽ በላይ የተሸከመ ተጫዋች ግን ሲንከባለል እንደ ጤፍ ጆንያ ዱብ ይላል፤ እስኪነሣም ጋኔኑ ይደርስበታል። በሁለተኛው ሳምንት ብረቱን አውልቆ በጨርቅ ገባ። ከዚያ ወዲያ ነው ትንሽ መቆየት የጀመረው። ይህን ሲያደርግ ያየች አንዲት እናት ከውጭ ሆነው «እኔም ምጣዴን ወንዝ ዳር ነው የተውኩት» ብለው አሳቁን።

ፍሌምለርከርን ፊት ለፊት የሚያሸንፍ ሰው ምን ያደርጋል? አብዛኛውን ጊዜ ወደ ኋላ ይሄዳል። ጋኔኑ ሲዘል ይንከባለላል፤ መሬቱን ደልቆ እጁን እስኪያነሣ ባለችው ቅጽበት አንዴ ይመታል፤ ሁለቴ ከመታ በዛ፤ ከዚያ እንደገና ያፈገፍጋል። ገድለውት ያየናቸውን ሰዎች ጊዜያቸውን ብንቆጥረው ዘጠኙ እጅ ማፈግፈግ ሆኖ እናገኘዋለን። ታዲያ «እንደ ወንድ ግጠመው» ስንል ምን ማለታችን ነበር? የምናውቀውን ሳይሆን በፉከራ የሰማነውን ነበር የምንጮኸው። በፉከራ ውስጥ ወደ ኋላ የሚራመድ ሰው የለም።

ይሁንና የአገራችን ሰው ሁሉ እንደ ፉከራው አልኖረም። ጉግስን አስቡት። በጉግስ አባራሪ አለ፣ ተባራሪ አለ። ተባራሪው ፈረሱን ኮርኩሮ ሲሸሽ ጋሻውን ወደ ጀርባው አዙሮ የሚወረወርበትን ዘንግ ይመክታል፤ ተራው ሲደርስ ዞሮ ያባርራል። እየሸሸ በደንብ የመከተ ሰው ይሞገሳል እንጂ አይሰደብም። አባቶቻችን ለጦርነት ይለማመዱበት በነበረው ጨዋታ ውስጥ ሽሽት ግማሹ ትምህርት ነበር ማለት ነው። ይህን ረስተን ፉከራውን ብቻ ይዘን መቅረታችን ይገርመናል።

ክርክሩም በእኛ አልተጀመረም። ከማይጨው ጦርነት በኋላ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሲሄዱ፣ መሄዱን ከተቃወሙት አንዱ ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያት ነበሩ። የሄዱት ሰኔ 23 ቀን በጄኔቫ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ተናገሩ፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተመልሰው ገቡ። የቀሩት አርበኞች በእነዚያ አምስት ዓመታት ውስጥ ተዋጉ። እስከ ዛሬ ድረስ አንዱ ወገን «ሸሹ» ሲል ሌላው «ባይሄዱ ማን ይናገርልን ነበር» ይላል። እኛ በዚህች ደብተር ልንፈርድ አልተነሣንም። አንድ ነገር ግን እናስተውላለን፤ አርበኛውስ እንዴት ነበር የተዋጋው? መትቶ ወደ ጫካ ይገባል፣ ከጫካ ወደ ገደል ይሸሻል፣ ተመልሶ ይመታል። ሁለቱም ወገን እግሩ ወደ ኋላ ሄዷል። ስለዚህ ፈሪውን በእግሩ አቅጣጫ መለየት አይቻልም።

እዚህ ስንደርስ ከእኛ አንዱ መልሱን አገኘሁ አለ። በጨዋታው አንዲት ቁልፍ ስትጫን ዐይንህ ከጋኔኑ ላይ አይነቀልም፤ ብትሸሽም ፊትህ ወደ እርሱ ነው። እንግዲያው፣ አለን፣ እያየ የሚያፈገፍገው ብልህ ነው፤ ጀርባውን ሰጥቶ የሚሮጠው ፈሪ ነው። ልዩነቱ ዐይን ላይ ነው። አሳቡ አማረን። ይህን ጽሑፍ በዚያው ልንጨርሰው ሁሉ ተነሥተን ነበር።

ይሁን እንጂ ከእኛ መካከል አንዷ እስከዚያ ዝም ብላ ስታዳምጥ ቆይታ ተናገረች። እርሷ በወጣችበት ሌሊት ልጇን አዝላ ነበር። ከኋላ ተኩስ ሲሰማ ቆማ አንቀልባውን ፈታች፤ ልጁን ከጀርባዋ አውርዳ ወደ ደረቷ አዞረችው፤ ከዚያ እስኪነጋ ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ኋላ ሳታይ ሮጠች። «ጥይቱ ቢመጣ እኔን ያግኝ ብዬ ነው ጀርባዬን የሰጠሁት» አለችን። «በእናንተ ሕግ እኔ ፈሪ ነኝ አይደል?»

ሕጋችን በዚያው ፈረሰ። ጀርባ መስጠት ራሱ ጋሻ ሊሆን እንደሚችል ከጆይስቲክ ልንማረው አንችልም ነበር። በጨዋታው ውስጥ ያለው መንገደኛ የሚያዝለው ልጅ የለውም።

ከዚያ ወዲህ የምናስበው እንዲህ ነው፤ ምናልባት ተሳስተን ይሆናል። ፈሪነት የሚባል ነገር በእርግጥ አለ፤ ቃሉን ከቋንቋችን እናውጣው አንልም። አደራ የተቀበለ ሰው አደራውን ጥሎ ራሱን ብቻ ሲያድን፣ ያ ሰው ሌሊት ለራሱ የሚሰጠው ስም አለ፤ ስሙንም ከእርሱ በቀር ማንም በትክክል ሊያውቀው አይችልም። ስንት ጊዜ ወደ ኋላ እንዳየ፣ ሊመለስ ብሎ ስንት እርምጃ እንደ ሄደ፣ ቢመለስ ማንን ሊያድን ይችል እንደ ነበር የሚያውቅ እርሱ ነው። ከውጭ ሆኖ ያየ ሰው ያየው እግር ብቻ ነው። እኛ ደግሞ በዚያን ማታ እግር እንኳ አላየንም፤ ሻይ ይዘን ተቀምጠን ነበር።

እስቲ ስለዚያ ስለ አጥንቱ ኋላ እንነጋገር፤ ወጣቶቹ አሁንም ስለሚጨቃጨቁበት። ከአጥንት ኋላ ሆኖ መግደል ድል ነውን? አንዱ ወገን ጨዋታውን ማበላሸት ነው ይላል፤ ጋኔኑ ሊደርስበት ከማይችልበት ቦታ የወጋ ሰው ጋኔኑን አላወቀውም፤ ነገ ሌላ የሚዘል ጠላት ቢገጥመው ባዶ እጁን ነው። ይህ እውነት ነው። እኛም ብንጫወት ፊት ለፊቱን እንመርጣለን፤ ደስታው እዚያ ነውና። ግን ይህ የደስታ ጉዳይ እንጂ የግብረ ገብ ጉዳይ አይደለም። ልጁ ከአጥንቱ ኋላ በመቆሙ ማንን በደለ? ማንን ጥሎ ገባ? ጋኔኑ ቢሞት የሚያለቅስለት የለ። ለመማር ብሎ መሞት ምርጫ የሚሆነው ሞቶ ለሚነሣ ሰው ብቻ ነው።

ጨዋታውና ኑሯችን የሚለያዩትም እዚህ ላይ ነው። በዲመንስ ሶልስ የሞተ ሰው ያከማቸውን ነፍሳት ሁሉ ያጣል፤ ዕድሜውም በግማሽ ቀንሶ ይነሣል፤ ደሙ የፈሰሰበት ቦታ ተመልሶ ከነካው ግን ያጣውን መልሶ ያገኛል። ሳይደርስ ዳግመኛ ከሞተ ያ ሁሉ ጠፋ። ጨካኝ ሕግ ነው ይላሉ ልጆቹ። ለእኛ ግን በጣም ደግ ሕግ ሆኖ ይታየናል። ጋኔኑ በገባህ ቁጥር በዚያው አዳራሽ በዚያው አኳኋን ይጠብቅሃል፤ መቶ ጊዜ ብትሞት መቶ ጊዜ ታጠናዋለህ። በመንገድ ላይ የቀሩት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተፈተኑት። ስለዚህ ከሻይ ቤቱ የምናመጣውን ትምህርት ሁሉ ወደ መንገዱ መውሰድ አይገባም፤ በተለይ ፍርዱን።

አንድ ነገር ብቻ ብንወስድ አይጎዳንም። ጨዋታው በወጣበት ጊዜ በኢንተርኔት የተገናኙ ተጫዋቾች በመሬት ላይ የሌሎችን ደም ያዩ ነበር። ደሙን ስትነካው አንድ የማታውቀው ሰው እንዴት እንደ ሞተ፣ የመጨረሻዎቹን ቅጽበቶች እንደ ጥላ ያሳይሃል። እንዲሁም መንገደኞች ለኋለኛው አጭር መልእክት በመሬት ላይ ይተዉ ነበር፤ ከፊትህ ያደባ አለ፣ እዚህ ተጠንቀቅ የሚል። አንዳንዱ ክፉ ደግሞ ከገደል አፍ ላይ ዝለል የሚል ጽፎ ይሄዳል፤ ያመነው ይሞታል። ይህ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 28 ቀን 2018 ተዘግቷል፤ እኛ ዘንድ ያለችው ሲዲ ላይ የሌላ ሰው ደም አይታይም። ሚያዛኪ አሳቡ ከየት እንደ መጣለት ለጋዜጠኛ ሲናገር፣ በበረዶ ቀን ዳገት ላይ መኪኖች ተይዘው፣ የኋላው መኪና የፊቱን እየገፋ ሁሉም ተራ በተራ እንዴት እንዳለፉ አውስቷል። እርሱ ቆሞ ከኋላው የገፋውን ሰው ላመስግን ቢል መልሶ ሊያዝ ሆነ፤ ስለዚህ ሳያመሰግን ሄደ፤ ያን ሰውም ከዚያ ወዲያ አላገኘውም። ከእኛ ውስጥ ማታ መንገድ ያሳየውን ሰው ፊት ሳያይ እዚህ የደረሰ ስንት ነው!

እንግዲህ በሻይ ቤታችን ኢንተርኔት ስለሌለ መልእክቱን የምንጽፈው እኛ ተመልካቾቹ ነን። ቀድሞ የሞተ ሰው «አሁን ይዘላል፣ ተንከባለል!» ብሎ ሲጮህ ልጁ ይድናል፤ ሲጮህም አይተናል። በዚያን ማታ ግን የጻፍነው የገደል አፉን መልእክት ነበር። ልጁ ደኅና ተሸሽጎ ሳለ ያወጣው ጋኔኑ አይደለም። ይህቺው ቃል በየሰፈሩ፣ በየመንደሩ ስንት ጎረምሳ ከመሸሸጊያው አውጥታ ሜዳ ላይ እንዳስቀረች ከእኛ ይልቅ እናቶቻችን ያውቃሉ። የሚገርመው፣ ቃሏን የሚጮኸው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሜዳው ላይ የለም።

በማግስቱ ከእኛ ሦስቱ ወደ እኒያ አባት ቤት ይቅርታ ልንጠይቅ ሄድን። ምን እንደምንል በመንገድ ላይ ተለማምደን ነበር። ጥላ ሥር ተቀምጠው የራሽን ማሽላ ሲለቅሙ አገኘናቸው። ስላስቀየምንዎት ይቅር ይበሉን አባባ፣ ያን ቃል እርስዎን አስበን አይደለም የተናገርነው አልናቸው።

«እኔንማ ምን አደረጋችሁኝ» አሉ ከማሽላው ዐይናቸውን ሳያነሡ። «ያን ስም እኔ ለራሴ ከጠራሁት ስንት ዓመቴ። እኔ የተነሣሁት ልጁ ስለ ወጣ ነው። ደኅና ተቀምጦ ነበር እኮ። ለምን ወጣ?»

መልስ አልነበረንም። እንደምንጠይቀው ነግረናቸው ተመለስን፤ ልጁንም ውኃ ተራ ላይ አግኝተን ጠየቅነው። ጀሪካኑን እያስተካከለ ትንሽ አሰበና «ሁላችሁም ስትስቁ ጋኔኑ ያነሰ መሰለኝ» አለን።

ማክሰኞ ማታ ተራው የእርሱ ነው። አባባም እመጣለሁ ብለዋል፤ ከአጥንቱ ኋላ ያለውን ቦታ እንዲያሳያቸው ይፈልጋሉ።